የሁለት ሰዓት ሥራ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

በአሜሪካ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች መደርደሪያ ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ የሚያሰናዳው የመደብሩ ሠራተኛ ይመስላል። ብዙው ዕቃ ግን የሚደረደረው በሌላ እጅ ነው። ዳቦውን፣ ለስላሳ መጠጡንና ቺፕሱን አከፋፋዩ በራሱ መኪና አምጥቶ ይደረድራል፤ የመልካም ምኞት ካርዱን፣ የመዋቢያ ዕቃውን፣ መጽሔቱንና አሻንጉሊቱን ደግሞ አምራቹ ወይም አምራቹ ውል የሰጠው ኤጀንሲ የሚልከው ሰው መጥቶ ያስተካክላል። ይህን ሰው መርቻንዳይዘር ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጠረው በፓርት ታይም ነው፤ ደመወዙ በሰዓት ይታሰባል፤ በአንድ መደብር የሚመደብለት ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ነው። ሥራው ግን ሰዓቱ መቆጠር ከመጀመሩ በፊት ይጀምራል፤ መቆጠሩ ካቆመም በኋላ ይቀጥላል። ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ የነገውን መመሪያና የመደርደሪያውን ንድፍ ያጠናል። ጠዋት በራሱ መኪና፣ በራሱ ቤንዚን መደብሩ ድረስ ይነዳል። ዕቃው ከኋላ መጋዘን እስኪገኝ ይጠብቃል፤ ጭነቱ ሳይደርስ ከቀረም ባዶ እጁን ይመለሳል። ሲጨርስ ፎቶ አንሥቶ በስልኩ ሪፖርት ይልካል፤ ኔትወርኩ እምቢ ካለው ቤቱ ገብቶ ይልካል።

ከዚህ ሥራ የሚነሣው ቅሬታ ሁለት ነው፤ ሰዓቱ አነሰ፣ የማይከፈለው ጊዜ በዛ። ሁለቱ የተለያዩ ብሶቶች ተደርገው ነው የሚታዩት፤ ለመጀመሪያው «ሌላ ሥራ ጨምርበት»፣ ለሁለተኛው «ጥቂት ደቂቃ ምን አላት» የሚል መልስ ይሰጣል። እኔ እንደምረዳው ግን ጉዳዩ አንድ ነው። የሰዓት ደመወዝ እውነተኛ መለኪያ የሚሆነው ሰዓቶቹ ተያይዘው ሲመጡ ነው። ሥራው ሲቆራረጥ ከሥራው ፊትና ኋላ የሚሄደው ጊዜ እየገነነ ይመጣል፤ ያን ጊዜ በውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ ሠራተኛው ለጉልበቱ ያገኘውን አይናገርም። ይህን ለማየት ተራ ስሌት ይበቃል። በሰዓት 15 ዶላር የሚከፈለው መርቻንዳይዘር ለሁለት ሰዓት ሥራ 30 ዶላር ያገኛል። ለመሄድ ግማሽ ሰዓት፣ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት፣ ለማንበብና ሪፖርት ለመላክ 20 ደቂቃ ቢፈጅበት ከቀኑ የወሰደው ጊዜ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው፤ የእውነተኛው ሰዓት ዋጋ 9 ዶላር ሆነ ማለት ነው። ደርሶ መልሱ 20 ማይል ነው እንበል። የአሜሪካ ገቢዎች መሥሪያ ቤት ለ2025 ለሥራ መኪና ያወጣው የወጪ ተመን በማይል 70 ሳንቲም ስለሆነ 14 ዶላር ይቀነሳል። የሚቀረው 16 ዶላር ነው፤ በሰዓት 4 ዶላር ከ80 ሳንቲም። ከ2009 ጀምሮ ያልተቀየረው የፌዴራል ዝቅተኛ ደመወዝ እንኳ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ይኸው መንገድ፣ ይኸው ንባብና ይኸው ነዳጅ የስምንት ሰዓት ሥራ ላይ ቢያርፍ ግን ሰዓቱ 11 ዶላር ከ36 ሳንቲም ያወጣል። ውሉ ላይ የተጻፈው 15 ዶላር ሳይነካ፣ ሥራውን በመቆራረጥ ብቻ ከደመወዙ ከግማሽ በላይ ሊጠፋ ይችላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ሁኔታ ከየት መጣ? ድሮ የሱቅ ሠራተኛ መከራ የዛሬው ተቃራኒ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ የሱቅ ረዳት ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ይውል ነበር፤ ብዙው አሠሪው ባዘጋጀው ክፍል ያድራል፣ አሠሪው ያቀረበለትን ይበላል፣ ይህም ከደመወዙ ይታሰብበታል። በ1886 የወጣው የሱቅ ሰዓት ሕግ ከ18 ዓመት በታች የሆኑትን ከሳምንት 74 ሰዓት በላይ ማሠራት ሲከለክል እንደ ትልቅ እርምጃ ተቆጠረ። በ1911 ደግሞ ረዳቶቹ በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዕረፍት አገኙ። ያን ጊዜ ትግሉ ሰዓት ለማስቀነስ ነበር፤ የዛሬው ፓርት ታይም ሠራተኛ የሚለምነው ሰዓት እንዲጨመርለት ነው። ጥያቄው ግን ሥሩ አልተለወጠም፤ የሠራተኛው ጊዜ የማን ነው የሚል ነው። የ1886ቱ ረዳት ጊዜው በሙሉ በአሠሪው እጅ ነበር። የዛሬው መርቻንዳይዘርም ስልኩን እየጠበቀ፣ ፕሮግራሙ ዛሬ ይቀየር ነገ ሳያውቅ፣ ሌላ ሥራ ለመያዝ ሳይደፍር ሳምንቱን ያሳልፋል። በአሠሪው ደብተር ላይ የሚጻፍለት ግን ስድስት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

በሁለቱ መካከል የሆነው ዋና ነገር የመደብሩ አሠራር መለወጥ ነው። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገዢ ባንኮኒ ፊት ቆሞ የፈለገውን ይናገራል፤ ሻጩ ከጀርባው ያወርዳል፣ ይመዝናል፣ ይጠቀልላል። በመስከረም 1916 ክላረንስ ሳውንደርስ የሚባል ነጋዴ በሜምፊስ፣ ቴኔሲ፣ ፒግሊ ዊግሊ የተባለውን መደብር ከፈተና ገዢው ራሱ በመደርደሪያዎቹ መካከል እየዞረ እንዲያነሣ አደረገ፤ በማግስቱ ዓመት ለአሠራሩ የፈጠራ መብት አገኘ። በ1930 ማይክል ከለን በኒው ዮርክ ኩዊንስ የከፈተው ኪንግ ከለን ይህንኑ በሰፊ ቤትና በርካሽ ዋጋ አስፋፋው። ከዚያ በኋላ ሻጩ መደርደሪያው ራሱ ሆነ። ዕቃው በዓይን ከፍታ ላይ መሆኑ፣ ፊቱ ወደ ገዢው መዞሩ፣ ቦታው ባዶ አለመሆኑ የሽያጩን ዕጣ ይወስናል። ባንኮኒ ኋላ የነበረው ሰው ሙሉ ቀን የሚያስቆመው ምክንያት ነበረው፤ ገዢ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅምና መጠበቁ ራሱ ሥራው ነበር። መደርደሪያ ግን ገዢ አይጠብቅም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ተሞልቶ ሊተው ይችላል። እዚህ ላይ ነው የሱቅ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመቆራረጥ የተመቸው።

የመደርደሪያው ዕጣ ያስጨነቀው ከመደብሩ ባለቤት ይልቅ አምራቹን ነው። መደብሩ የአንዱ ሳሙና ባይሸጥ የሌላው ይሸጥለታል፤ አምራቹ ግን ያለው የራሱ ብቻ ነው። ስለዚህ በሌላው ሰው ቤት ውስጥ የራሱን ዕቃ የሚንከባከብ ሰው መላክ ጀመረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሱፐርማርኬቶች ከምግብ ውጪ ያሉ ዕቃዎችን፣ መድኃኒትና መዋቢያን፣ መጫወቻንና የወጥ ቤት ዕቃን ሲያስገቡ፣ መደርደሪያውን ተረክበው በራሳቸው ዕቃ የሚሞሉና የሚያድሱ አከፋፋዮች በዙ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሄንስ ኩባንያ ሌግስ የተባለውን በእንቁላል ቅርጽ ማሸጊያ የሚሸጥ የሴት ስቶኪንግ በሱፐርማርኬት ሲያሰራጭ፣ መደብሩ ሳይሸጥ በፊት ምንም አይከፍልም ነበር፤ በኩባንያው መኪና የሚዞሩ ሴቶች መጥተው የጎደለውን ይሞላሉ፣ ቁጥሩን ይመዘግባሉ። ለመደብሩ ይህ የተባረከ ዝግጅት ነበር፤ ዕቃው የሌላ፣ ድካሙ የሌላ፣ ቦታው ብቻ የእርሱ። መታየት ያለበት ለእነዚያ ሴቶች መኪናው የኩባንያው፣ መንገዱም የሥራቸው አካል እንደነበር ነው። ከመደብር መደብር መንዳት ሥራው ራሱ ነበር። የዛሬው መርቻንዳይዘር ያንኑ ሥራ ወርሷል፤ መኪናው ግን የራሱ ሆኗል።

ከዚያ ቆጠራው መጣ። ሰኔ 26 ቀን 1974 በትሮይ፣ ኦሃዮ፣ በማርሽ ሱፐርማርኬት አንድ እሽግ የሪግሊ ማስቲካ በባርኮድ ተነቦ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት የትኛው ዕቃ በየትኛው ሰዓት እንደሚሸጥ በኮምፒውተር ታወቀ፤ የመደርደሪያው ንድፍ፣ ፕላኖግራም የሚሉት፣ በሴንቲሜትር ተለክቶ ከዋናው መሥሪያ ቤት መላክ ጀመረ። ሽያጭ በደቂቃ ሲቆጠር የሰው ጉልበትም በደቂቃ ሊመደብ ቻለ። ለእያንዳንዱ ጉብኝት የተመደበ ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ ካርዱን ለመለወጥ 45 ደቂቃ፣ ማሳያውን ለማቆም 30 ደቂቃ። የተመደበው ጊዜ ግን ዕቃው በቦታው፣ ጋሪው ነጻ፣ የመደብሩ ሥራ አስኪያጅም ፈቃደኛ ሆኖ የሚገኝበትን ቀን ያስባል። እንዲህ ያለ ቀን ሲጎድል ልዩነቱን የሚሸከመው ማን ነው? ኤጀንሲው ከአምራቹ የተቀበለው ውል በጉብኝት የተወሰነ ነው። መደብሩ ለዚህ ሰው ደመወዝ አይከፍልም፤ ሰውየውን ቢያስጠብቀው የሚጎዳው ነገር የለም። የቀረው ሠራተኛው ነው። በአሜሪካ ሕግ አሠሪ እያወቀ ያሠራውን ጊዜ ሁሉ መክፈል አለበት፤ ሆኖም ከተመደበለት በላይ ደቂቃ የሚያስመዘግብ ሠራተኛ በሚቀጥለው ሳምንት የሚሰጠው ጉብኝት እንዳይቀንስ ይፈራል። ሰዓቱ ያነሰበት ሰው ያልተከፈለውን ለመጠየቅ የሚያስችለው አቅም የለውም። ሁለቱን ቅሬታዎች አንድ የሚያደርጋቸው ይኸው ነው።

ሕጉስ? በሰኔ 1938 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የፈረሙት የፍትሐዊ ሥራ መመዘኛዎች ሕግ በሰዓት 25 ሳንቲም ዝቅተኛ ደመወዝ ሲያቆም አብዛኛውን የችርቻሮ ሠራተኛ ከሽፋኑ ውጪ ተወው፤ ትልልቆቹ የችርቻሮ ድርጅቶች የገቡበት በ1961 ማሻሻያ ነው። የሱቅ ሠራተኛው ከውጪ ቆሞ ሳለ ስለ ጊዜ ትርጉም ትልቁ ክርክር በፋብሪካ ሠራተኞች ስም ተካሄደ። በ1946 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማውንት ክሌመንስ የሸክላ ፋብሪካ ጉዳይ፣ ሠራተኛ ግቢው ውስጥ ገብቶ የሥራ ቦታው እስኪደርስ የሚራመድበትና ለሥራ የሚሰናዳበት ጊዜ ይከፈላል ሲል ወሰነ። በስድስት ወር ውስጥ ከ1,500 በላይ ክሶች ተከፈቱ፤ የተጠየቀው ገንዘብ ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ኮንግረሱ ተደናገጠና በግንቦት 1947 ፕሬዚዳንት ትሩማን ፖርታል ቱ ፖርታል የተባለውን ሕግ ፈረሙ። ወደ ዋናው ሥራ ለመድረስ መራመድና መጓዝ፣ ከዋናው ሥራ በፊትና በኋላ ያሉ ዝግጅቶችም አይከፈሉም ተባለ፤ ለሥራው የማይነጠሉ አስፈላጊዎች ሲሆኑ ካልሆነ በቀር። በ2014 ይኸው ሕግ ለአማዞን መጋዘን ሠራተኛ በሚያቀርብ ኤጀንሲ የተቀጠሩ የኔቫዳ ሠራተኞችን ጉዳይ ወሰነ፤ ከሥራ ሲወጡ ለፍተሻ ተሰልፈው 25 ደቂቃ ያህል እንቆያለን ብለው የከሰሱት ሠራተኞች በሙሉ ድምፅ ተሸነፉ። ለመርቻንዳይዘር የሚደርሰው ደንብም ከዚሁ ግንድ የወጣ ነው። በቀኑ ውስጥ ከአንድ መደብር ወደ ሌላው የሚነዳበት ጊዜ የሥራ ጊዜ ነው፤ ከቤት ወደ መጀመሪያው መደብር፣ ከመጨረሻው ወደ ቤት ግን አይደለም። በቀን አንድ መደብር ብቻ ሲሰጠው መንገዱ ሁሉ ከቤት ወደ ሥራ ሆኖ ይቀራል። ሕጉ በጽሑፍ ያስገባው ጊዜ በፕሮግራም አወጣጥ ይወጣል።

የተቆራረጠ ሥራን ቀድመው የተረዱት ሰዎች የለንደን ወደብ ጫኝና አውራጆች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እነዚህ ሰዎች ጠዋት በወደቡ በር ሲሰበሰቡ ቀጣሪው በጣቱ እየጠቆመ የሚፈልገውን ይመርጥ ነበር፤ ያልተመረጠው ከሰዓት በኋላ እንደገና ይሞክራል። የተመረጠውም ለአንድ ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ክፍያው በሰዓት 5 ፔንስ ነበር። የሚልዎል ወደብ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ኮሎኔል በርት ራሳቸው ለፓርላማ ኮሚቴ ሲመሰክሩ፣ ምንም ሳይበሉ መጥተው አንድ ሰዓት ሠርተው፣ ያገኙትን ሳንቲም ምግብ ሊገዙበት ሥራውን ትተው የሚሄዱ ሰዎች እንዳሉ ተናግረዋል። ይህ ከአሠሪ ወገን የመጣ ምስክርነት ነውና ማንም በማጋነን ሊከሰው አይችልም። በነሐሴ 1889 ቤን ቲሌት፣ ቶም ማንና ጆን በርንስ የመሩት አድማ ሲነሣ፣ ታሪክ የሚያስታውሰው ጥያቄ 6 ፔንስ ይከፈለን የሚለው ነው። ሠራተኞቹ ግን ሌላም ጠይቀዋል፤ ማንም ሰው ከአራት ሰዓት ላነሰ ጊዜ እንዳይቀጠር። አድማው አምስት ሳምንት ገደማ ቆየ፤ ከአውስትራሊያ ብቻ ከ30,000 ፓውንድ በላይ ርዳታ መጣ፤ ካርዲናል ማኒንግ ሸመገሉ። በመጨረሻም 6 ፔንሱን አገኙ፤ ከሰዓት በኋላ ከሚደረጉ አንዳንድ አጫጭር ቅጥሮች በቀር ለአንድ ቅጥር ቢያንስ የአራት ሰዓት ዋጋ፣ 2 ሽልንግ፣ እንዲከፈልም ተስማሙ። ስድስቱ ፔንስ በዘፈንም በታሪክም ገነነ። እኔ የምሟገተው አራቱ ሰዓት ከስድስቱ ፔንስ ይበልጥ እንደነበር ነው። የሰዓቱ ዋጋ ከ5 ወደ 6 ሲያድግ የአንድ ሰዓት ቅጥር የሚያስገኘው ከ5 ወደ 6 ፔንስ ነው፤ በአራት ሰዓት ደንብ ግን ያው ቅጥር ወደ 24 ፔንስ ያድጋል። በር ላይ ቆመው ቀናቸውን ያጠፉት ሰዎች ለማሸነፍ የፈለጉት ዋጋውን ብቻ ሳይሆን መለኪያውን ነበር።

የዚህ ሐሳብ ፍሬ በእንግሊዝ የታየው በ1947 ነው፤ የአሜሪካ ኮንግረስ በሩን በዘጋበት በዚያው ዓመት። ያኔ የቆመው ብሔራዊ የወደብ ሠራተኞች ዕቅድ የተመዘገበ ሠራተኛ ለሥራ ቀርቦ ሥራ ካጣ ለመቅረቡ እንዲከፈለው አደረገ። መጠበቅ የሥራው አካል ነው፤ ወደቡ የሚሄደው መርከብ ሲመጣ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝ ሰው ስላለ ነው፤ ስለዚህ ዝግጁነቱ ዋጋ አለው ማለት ነው። በአገራችን ሕግም ተመሳሳይ መርሕ ተጽፎ ይገኛል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 54፣ ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ መሣሪያ ወይም ጥሬ ዕቃ ባለመቅረቡ ወይም በእርሱ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ሥራ ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙን የማግኘት መብት ይሰጠዋል። አዋጁ ምን ያህል ተፈጻሚ ነው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው አጠቃላይ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር ይህን ማንሣት ለመመጻደቅ እንዳልሆነም ግልጽ ይሁን። የማነሣው መርሑ ሩቅ ወይም እንግዳ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ካርቶኑ ከጭነት መኪናው ሳይወርድ መደብሩ ኮሪደር ላይ የቆመው መርቻንዳይዘር ሁኔታ ከዚህ አንቀጽ ቃል ጋር በትክክል ይገጥማል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይመጣል። ፓርት ታይም የሚሠሩት ፈልገው ነው ይባላል፤ ተማሪው ትምህርት አለው፣ እናቲቱ ልጅ አላት፣ ጡረተኛው ለመንቀሳቀስ ያህል ነው የሚሠራው። ይህ እውነት አለው። ጥቂት ሰዓት መሥራት የሚፈልግ ሰው መኖሩን መካድ ከንቱ ነው፤ ለብዙ እናቶች ይህ ሥራ ባይኖር ጭራሽ ሥራ ባልኖራቸው ነበር። ነገር ግን ጥቂት ሰዓት መፈለግና ጥቂቱም በከፊል እንዳይከፈል መፈለግ ይለያያሉ። ሁለት ሰዓት ለመሥራት የተስማማች እናት ሦስት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ለመስጠት አልተስማማችም። ደግሞም ሁሉም በፈቃዱ አይደለም። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ሙሉ ጊዜ ሥራ ፈልገው ያጡትን «በኢኮኖሚ ምክንያት ፓርት ታይም» ብሎ ለይቶ ይቆጥራቸዋል፤ እንዲህ ያለ መደብ ያስፈለገው ሰዎቹ ስላሉ ነው። በነሐሴ 1997 በዕቃ አመላላሹ ኩባንያ ዩፒኤስ 185,000 የቲምስተርስ ሠራተኛ ማኅበር አባላት ለ15 ቀን ሥራ ሲያቆሙ ዋናው ጥያቄያቸው የሙሉ ጊዜ ሥራ ነበር፤ ኩባንያውም ፓርት ታይም ሥራዎችን በማዋሐድ 10,000 አዲስ የሙሉ ጊዜ ሥራ ለመፍጠር ተስማማ። ፓርት ታይም ሁሉ በምርጫ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ሰው ለዚህ ጥያቄ ደመወዙን ባልተወ ነበር። በ2010 የወጣው የጤና መድን ሕግ ደግሞ ሙሉ ጊዜ ማለት በሳምንት 30 ሰዓት ነው ብሎ ትልልቅ አሠሪዎችን መድን የማቅረብ ግዴታ ላይ ሲጥል፣ ሠራተኛን ከ30 በታች ማቆየት ሌላ ጥቅም አገኘ። የሠራተኛው ፍላጎት በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከነጋዴው ወገን ነው። ገበያ ይዋዥቃል፤ በበዓል ሰሞን አሥር ሰው ያስፈልጋል፣ በማግስቱ ሁለት ይበቃል፤ ላልተሠራ ጊዜ መክፈል ትርፉን ይበላል። ይህን አቃልዬ አላየውም፤ የመደርደሪያ ሥራ በባሕርዩ እንደ ቢሮ ሥራ አይረጋም። ሆኖም የወደብ ኩባንያዎችም ይህንኑ ብለዋል። መርከቡ በነፋስና በማዕበል ነው የሚመጣው፤ ማን ሊወስነው ይችላል? ብለው ተከራክረዋል። መዋዠቁ አለ፤ ክርክሩ ጉዳቱን ማን ይሸከመው በሚለው ላይ ነው። ጉዳቱ ያለ ወጪ ወደ ሠራተኛው ሲዞር አሠሪው ፕሮግራሙን የሚያስተካክልበት ምክንያት ያጣል። ማስተካከሉ ግን ለራሱም እንደሚያዋጣ ጥሩ ማስረጃ አለ። ከ2015 እስከ 2016 ጆአን ዊልያምስ፣ ሱዛን ላምበርትና ሳራቫናን ከሳቫን የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በሳን ፍራንሲስኮና በቺካጎ አካባቢ ባሉ የጋፕ ልብስ መደብሮች የሠራተኞችን ፕሮግራም ይበልጥ የተረጋጋ አድርገው ሞከሩ። በ2018 ይፋ ባደረጉት ውጤት ሽያጭ በ7 ከመቶ፣ በሠራተኛ ሰዓት የሚገኘው ምርታማነት በ5 ከመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከዚህም በላይ ብዙው መዋዠቅ የሚመነጨው ከገዢው ሳይሆን ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ የጭነት ቁጥር ይሳሳታል፣ የማስተዋወቂያው ቀን በመጨረሻ ሰዓት ይቀየራል። እነዚህ ሰው የሚያደርጋቸው፣ ሰው የሚያርማቸው ነገሮች ናቸው። ነፋስና ማዕበል አይደሉም።

ሦስተኛው «ጥቂት ደቂቃ ምን አላት» የሚለው ነው። ፍርድ ቤቶችም ለረጅም ጊዜ ይህን ተቀብለው ኖረዋል፤ ለመመዝገብ የማይመቹ ጥቃቅን ጊዜያት ከቁጥር አይገቡም የሚል መርሕ ነበራቸው። በሐምሌ 2018 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ የስታርባክስ ሠራተኛ ባቀረበው ክስ ላይ ይህን መረመረ። ሠራተኛው ሰዓቱን ካቆመ በኋላ የዕለቱን ሽያጭ ይልካል፣ ማንቂያውን ያስነሣል፣ በሩን ይቆልፋል፣ ባልደረቦቹን ወደ መኪናቸው ይሸኛል፤ በቀን ከ4 እስከ 10 ደቂቃ። በ17 ወር ሲደመር 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ሆነ፤ በጊዜው ዝቅተኛ ደመወዝ፣ በሰዓት 8 ዶላር፣ 102 ዶላር ከ67 ሳንቲም። ፍርድ ቤቱ ይህ ገንዘብ የመብራት ወይም የውሃ ክፍያ የሚሸፍን፣ የሳምንት አስቤዛ የሚገዛ ወይም የወር አውቶቡስ የሚያሳፍር መሆኑን አንሥቶ፣ በየጊዜው የሚደጋገም ሥራ ጥቂት ነው ተብሎ ሊቀር አይችልም አለ። ይህ ውሳኔ በጣም ይገባኛል። ደቂቃን ጥቃቅን የሚያደርገው የሚያየው ሰው የቆመበት ቦታ ነው። ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው 10 ደቂቃ ከቀኑ ሃምሳኛ እጅ ገደማ ነው፤ ሁለት ሰዓት ለሚሠራው ከአሥራ ሁለቱ አንድ እጅ ነው። «ሁሉም ሰው ወደ ሥራ ሲሄድ ሳይከፈለው ነው» ለሚለውም መልሱ ይኸው ነው። ሁሉም ሳይከፈለው ይሄዳል፤ ግን የአንድ ሰዓት መንገድ ስምንት ሰዓት ለሚያገኘው የቀኑ መግቢያ ዋጋ ነው፣ ሁለት ሰዓት ለሚያገኘው ግማሽ ደመወዙ።

የአራት ሰዓቱ ጥያቄ በአሜሪካም ሙሉ በሙሉ አልሞተም። በዋሽንግተን ዲሲ ደንብ መሠረት ለሥራ የቀረበ ሠራተኛ ከአራት ሰዓት ያነሰ ሥራ ቢሰጠው የአራት ሰዓት ይከፈለዋል። በፓርኪንግ፣ በሆቴል፣ በመደብርና በአውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ሁለትና ሦስት ቦታ እየተሯሯጡ ቤተሰብ የመሠረቱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለሚኖሩባት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሊያውቁት የሚገባም መብት ነው። ግን ደንቡ የራሱ ቀዳዳ አለው። ሠራተኛው ከመጀመሪያው ከአራት ሰዓት ላነሰ ጊዜ በመደበኛነት የተመደበ ከሆነ የሚከፈለው ያንኑ የተመደበለትን ነው። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ተብሎ መጥቶ ሁለት ሰዓት ላይ የተሰናበተውን ይጠብቃል፤ ሁልጊዜ ለሁለት ሰዓት የሚጠራውን መርቻንዳይዘር ግን አይነካም። የ1889ኙ ጫኝና አውራጆች የጠየቁት ይህን ሁለተኛውን ነበር፤ አጭር ቅጥር ራሱ እንዲቀር። በኋላ ሥራ ላይ የዋሉት የፕሮግራም ሕጎችም፣ የሳን ፍራንሲስኮ በ2015፣ የሲያትል በ2017፣ የኦሪገን በ2018፣ ፕሮግራሙ አስቀድሞ እንዲነገርና በድንገት ሲቀየር ማካካሻ እንዲከፈል አድርገዋል፤ ትልቅ ጥቅም ነው። አሠሪውን የሚለዩት ግን በዋናነት በድርጅቱ ዓይነትና በሠራተኛው ብዛት ነው፤ ለሲያትል ለምሳሌ 500 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው የችርቻሮ ወይም የምግብ ድርጅት መሆን አለበት። የመርቻንዳይዘሩ ከፋይ ኤጀንሲ ነው፤ መደብር የለውም፣ ለገዢ የሚሸጠው ነገር የለም። ሁለት ሰዎች በአንድ መደብር ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ሊደረድሩ፣ አንዱ የሁለት ሳምንት ፕሮግራሙን በጽሑፍ ይዞ ሌላው የነገውን ሳያውቅ ሊሠሩ ይችላሉ። ይህን ለማስተካከል አዲስ ፍልስፍና አያስፈልግም። በአንድ መደብር ውስጥ የሚሠራ ሁሉ፣ ከፋዩ ማንም ይሁን ማን፣ በአንድ የፕሮግራም ደንብ ቢሸፈን፤ ለአንድ ቀን ጥሪ የሚከፈለው ዝቅተኛ መጠን በመደበኛነት አጭር በሆነ ምደባ ላይም ቢሠራ፤ በራስ መኪና የሚነዳ ማይል፣ ካሊፎርኒያና ኢሊኖይ በሕጋቸው የሥራ ወጪን በአሠሪው ላይ እንዳደረጉት፣ በሌሎቹ ግዛቶችም የአሠሪው ወጪ ቢሆን፣ ኤጀንሲው ሦስትና አራት ጉብኝቶችን በአንድ ቀን አያይዞ ለአንድ ሰው መስጠት ያዋጣዋል። ያን ጊዜ ከመደብር መደብር ያለው መንገድ፣ ሕጉ ዛሬም በሚለው መሠረት፣ የተቆጠረ የሥራ ሰዓት ይሆናል።